ሳይቀመስ የማይወጣ ድስት

የካቲት 14 ቀን 2017፣ ዓርብ

እጸገነት ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። የሐሞት ከረጢቷ ከነጠጠሩ ወጥቷል፣ ቁስሉም እየደረቀ ነው። ሐኪሙ «ቀዶ ጥገናው በጣም ጥሩ ነው» አለኝ። ጥሩ ያልሆነው ሌላ ነው፤ አትበላም። ታክሲ ውስጥ ተደግፋኝ ስትመጣ የትከሻዋ አጥንት ወጋኝ። ቅባት ተከልክላለች። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ለስላሳ ነገር፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ቶሎ ቶሎ እንድትበላ ታዟል። ከፋሲካ በፊት ተመልሳ ትመዘናለች። ክብደቷ ከዚህ ከወረደ አልጋ ይዛ በቱቦ ትመገባለች።

ልጃችን ሔለን ገና ቦርሳውን ሳላስቀምጥ ጀመረች። «እማዬን እኔ ጋ ጎተራ እወስዳታለሁ፣ ሠራተኛ እቀጥራለሁ፣ በቃ! ማለቴ አባዬ፣ አንተ እኮ እንቁላል እንኳን መጥበስ አትችልም።» ኮንዶሚኒየሟ አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰርም የለውም። እጸገነት እዚያ ላይ ከወጣች የምትወርድበት ቀን አይታየኝም።

«ሾርባ እኔ እሠራላታለሁ» አልኩ። ሁለቱም ሳቁ። እጸገነት ቁስሏን ይዛ ነው የሳቀችው። ይሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ቲኬት ስቆርጥ ስንቱን ጯሂ ተሳፋሪ አስተናግጃለሁ። አንድ ድስት አያቅተኝም።

የካቲት 16፣ እሑድ

ሰፈሩ ሁሉ ጾም ሊገባ ነው ብሎ ሥጋ ሲያሳድድ ዋለ። እኔ ካሮት ስልጥ ዋልኩ።

ጀሚላ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ጀሚላና ባሏ ጦይብ ዘንድሮ ካዛንቺስ ሲፈርስ ተነሥተው እኛ ግቢ የኋላውን ክፍል የተከራዩ ናቸው፤ እሷ ከግቢያችን በር ላይ አትክልት ትሸጣለች። «ጋሽ ገብሬ፣ ካሮት ይፋቃል እንጂ እንደ እርሳስ አይቀረጽም እኮ!» አለችኝና ቢላዋውን ከእጄ ወሰደች። መልሼ ተቀበልኳት። ያሳዩኝ፣ ግን አይሥሩልኝ።

ዳማ የምንጫወትበት ቦታ ወሬው ቀድሞኛል። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ዲሪባ «ማጀት ገባህ አሉ» አለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አዎ ገባሁ፤ ምን ይጠበስ? አልኩት። ጭልፋው የት እንደሚቀመጥ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አላውቅም ነበር። ይህን ለዲሪባ አልነገርኩትም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾሙ ገባ። ጠዋት ቂርቆስ ሄጄ ተሳልኩ። እሷ ክብደት እስክትጨምር ድረስ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም። ቅዳሜና እሑድ ሥርዓቱ ስለማይፈቅድ እሱን ትቻለሁ። የግፊት ኪኒኔን ማታ እውጠዋለሁ። ካስታወስኩ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

የንስሐ አባታችን መጥተው አዩዋት። «ልጄ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም፤ ፈትቼሻለሁ፣ ብዪ» አሏት። ሐኪሙ ፈቀደ፣ አባ ፈቀዱ። እሷ አልፈቀደችም። አባ እንደወጡ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «አንተ እስከ ማታ ጦም እየዋልክ እኔ በጠራራ ፀሐይ ማንኪያ ላነሳ?» አለች።

ማን ነገራት? ለካ እኔ ለዲሪባ፣ ዲሪባ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ደግሞ ለእሷ። የተሳልኩት እንድትበላ ነበር፤ የማትበላው በስእለቴ ምክንያት ሆነ። ብልህ ነኝ ብዬ ራሴን ጠለፍኩ። አሁን ስእለት አይፈርስ፣ እሷም አትበላ።

ማታ ከእኔ ጋር ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና በቃኝ አለች። የምሠራው ሾርባ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሳልበላ ስለምሠራ ጀሚላ ናት የምትቀምስልኝ፤ «ወላሂ ይጣፍጣል» ብላለች።

ለራሴ እንዳይጠፋኝ ልጻፈው። ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ በጥቂት ውኃ ይቁላላ። ዘይት ሐሞት ለሌለው ሰው ጠላት ነው። ከዚያ ድንችና ካሮት፣ ትንሽ ቆይቶ ዱባና አንድ እፍኝ ምስር ክክ። ምስሩ ሥጋ በሌለበት ሥጋ ነው፤ ቁስል የሚጠግነው እሱ ነው ብሎኛል ሐኪሙ። ዝንጅብል ማቅለሽለሹን ያስታግሳል። ቆስጣ መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል፤ ብዙ ከበሰለ ጉልበቱ በእንፋሎት ይሄዳል። ደሟ አንሷል ተብሏልና ቆስጣ አይቀርም፣ ሎሚም ጠብ ይደረግበታል። ከሁሉ በላይ የተቀቀለበት ውኃ አይደፋም። ሔለን የአጥንት መረቅ ካልሆነ አይረባም ትላለች። እሷ ከሐኪም በላይ ናት እንዴ?

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። ጀሚላም ጿሚ ሆነች። ቀማሽ የለኝም።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

ሾርባው ላይ ጨው ጨመርኩ። በር ላይ የመብራት ሰው ጠራኝ፣ ሄጄ ተመለስኩ። ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም? መቅመስ አልችልም። አሸተትኩት፤ ጨው አይሸትም። አልጨመርኩም ብዬ ወሰንኩና ጨመርኩ።

ጀሚላ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለምትውል ለማፍጠሪያ የሚሆን አንድ ጀበና ሙሉ፣ እንትን፣ አንድ ፔርሙዝ ሙሉ ልኬላት ነበር፤ ደክሞኝ የምጽፈውንም አላውቅ። ግድግዳችን ስስ ነው። አዛን እንዳለ ትንሽ ቆይቶ የጦይብ ድምፅ ተሰማ። «ይሄ ሾርባ ነው ወይስ የአፋር ሐይቅ?» ጀሚላ «ዝም በል አንተ፣ ሰውዬው ለፍቶበታል» አለችው። ከዚያ ውኃ ሲቀዳ፣ እንደገና ሲቀዳ።

እጸገነት ማንኪያውን ከንፈሯ ላይ አስነክታ መለሰችው። ዛሬ ምንም አልበላችም። የተናደድኩት በራሴ ነው። በእሷም ነው። ግድግዳውን በሠራው ሰውም ነው።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ጠዋት ስገባ አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስትቀመጥ አላየኋትም። ዓይኗ እሳት ሆኗል።

«ጎረቤት ቤት ምን ብለህ ነው የላክኸው?»

«ሾርባ።»

«ሾርባ! ከዚህ ቤት ድስት እንደዚያ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም። ሰው የሚያወራው የእጸገነት እጅ ተበላሸ ብሎ ነው፤ አንተን ማን ያውቅሃል? ሳይቀመስ ድስት ይወጣል?»

«ማን ይቅመስልኝ? እኔ ጿሚ፣ ጀሚላ ጿሚ፣ ጦይብ ጿሚ። በዚህ ግቢ የተፈታ አፍ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኝቷል።»

ተቆጥቼ ነው ያልኩት። አስቤበት አይደለም። ወደ ማጀት ገብቼ ዛሬም ለጀሚላ እልካለሁ ብዬ ድስቱን ጣድኩ፤ ይበላሽ እንጂ አልተውም። እኩለ ቀን ላይ ድምፅዋ መጣ።

«ገብሬ፣ ማንኪያ አምጣ።»

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዛሬም ቀመሰች። ሦስት ጊዜ ወደ ማጀት መለሰችኝ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

አሁን ገብቶኛል። ብዪ ካልኳት አትበላም። ቅመሽልኝ ካልኳት ግን ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ በሕይወቷ እምቢ ብላ አታውቅም። «ለራሴ ከሆነ ጉሮሮዬ ይዘጋል» አለችኝ ትናንት፤ «ለሰው የሚሄድ ከሆነ ግን ኃላፊነት ነው።» በጣም ጥሩ። ኃላፊነቷን እሰጣታለሁ።

ስለዚህ ሥርዓት አበጅቻለሁ። ሾርባው መፍላት ሲጀምር አንድ ማንኪያ አመጣለሁ። «ዝንጅብሉ ጮኸ» ትላለች። ዱባ ጨምሬ እመለሳለሁ። «አሁን ጠፋ። ከታች ያለውን አምጣ እስቲ።» ከታች አመጣለሁ፤ ካሮቱን በሹካ ጨፍልቄ፣ ምስሩን ከነወፍራሙ። ማንኪያዋን ትቼ ጭልፋ አመጣሁ፣ አልተቃወመችም። ከጭልፋ ወደ ስኒ ተሸጋገርን። ዛሬ በስኒ ያመጣሁትን ጨርሳ፣ «አልለየልኝም» አለች። ሌላ አመጣሁ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ ነው የምቆመው፤ ፈገግ ካልኩ ይነቃብኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ምላሷ ታሟል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የራሴን ስጠጣ ሾርባው ጨው የሚባል የለውም። እሷ ግን «ልክ ነው» ነው የምትለው። የጨው ጣሳውን ስፈልግ መደርደሪያው ላይ የለም። «እኔ ጋ ነው፣ አንተ ሁለቴ ትጨምራለህ» አለች። አልጋዋ ሥር ወሽቃዋለች። ልከራከር ብዬ ተውኩት። ጨው ጎድሎታል ካልኩ ምላስሽ ተበላሽቷል ማለቴ ነው፤ ያኔ ቀማሽነቱን ትተዋለች። ስለዚህ እጣቢ የመሰለውን እየጠጣሁ «ግሩም ነው» እላለሁ። ወንድ ልጅ ለቤቱ ስንት ይችላል!

የጀሚላን ድርሻ ደግሞ ራሷ ናት ፔርሙዝ ውስጥ የምታደርገው። አልጋው አጠገብ አስቀምጥልኝ ትልና «ፐርሰሜሎ ቅጠል ከውጪ አምጣልኝ» ብላ ታስወጣኛለች። ተመልሼ ስገባ ክዳኑ ተዘግቷል። የሴቶች ነገር ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ጀሚላ «እትዬ ምን ዓይነት እጅ ነው ያላቸው! ጨዉ ልክክ ያለ!» አለችኝ። እሷንም እንደኔ ይሉኝታ ይዟት ነው። ደግ ሴት ናት።

መጋቢት 7፣ እሑድ፣ መፃጉዕ

ዛሬ ቅዳሴ ላይ የሠላሳ ስምንት ዓመቱ በሽተኛ ወንጌል ሲነበብ እሷን አሰብኩ። የተኛበትን ተሸክሞ የሄደው ሰው መጀመሪያ የበላው ምን ይሆን?

እሑድ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ እኔም አፌን ፈትቻለሁ፤ ራሴ መቅመስ እችላለሁ። ይህን እሷም ታውቃለች። ድስቱ ሲፈላ «ዛሬ አንተው ቅመሰው» አለች። «ጉንፋን ይዞኛል፣ ምላሴ ሞቷል» አልኩና አስነጠስኩ። ከቤተ ክርስቲያን እንደመጣሁ ዋሸሁ። ይቅር በለኝ። ግን ነገም ካስፈለገ አስነጥሳለሁ።

ከአልጋዋ ወርዳ ማጀት መጣች። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ድስቱን ከፍታ አየች። «ቆስጣውን አሁን ነው የምትጨምረው? ገደልከው» አለች። እንዲህ ስትሰድበኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! ደስ ብሎኝ ጭልፋው ከእጄ ወደቀ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሔለን ባምቢስ ካለው ቢሮዋ በምሳ ሰዓት ሳትናገር መጣች። እናቷን በርጩማ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘቻት።

«አባዬ! በሽተኛ ታሠራለህ እንዴ? ኦፕሬሽን የተደረገች ሴት! ፕሮቲን በሚያስፈልጋት ሰዓት የቆስጣ ውኃ እያጠጣሃት ደግሞ ሽንኩርት ታስልጣታለህ?»

«ምስር አለው።»

«ምስር! ኦ ማይ ጋድ! በቀጠሮዋ ቀን ካልጨመረች ከሆስፒታሉ በቀጥታ ጎተራ ነው የምወስዳት። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። ከጨመረችስ?»

«ከጨመረች አፌን እይዛለሁ።»

እናቷ ሽንኩርቷን መላጧን አላቋረጠችም።

ሔለን ስትወጣ በር ላይ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «እማዬን አይደለም የሚያስታምመው። ብቻውን መቅረት ስለፈራ ነው።»

ይህ ውሸት ነው። እኔ ብቻዬን መሆን አልፈራም። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሬዲዮ አለኝ፣ ዲሪባ አለ። ሆስፒታል በነበረችበት ሳምንት ብቻዬን አልነበርኩም? መብራት አላጠፋሁም እንጂ ተኝቻለሁ። ምን አለ መብራት ባላጠፋ!

ለእሷ ነው የምሠራው። ለእሷ ነው።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ለእሷ ነው።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ኢድ ነው። ጀሚላ ለእኛ ተብሎ በምስር የተሠራ ሳምቡሳ ለብቻው በንጹሕ ዘይት ጠብሳ ላከች። እጸገነት ዘይት አትበላምና አሽትታ መለሰችልኝ፣ እኔ በላሁ።

ግን ልቤ አልተረጋጋም። ረመዳን አለቀ። ማፍጠሪያ የለም። የሚላክ ድስት ከሌለ የሚቀመስም የለም። እጸገነት ማታ፣ «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ጀሚላ ትቅመስልህ፤ እኔ ልረፍ» አለች። ቀጠሮው ደርሷል። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ጠዋት ጀሚላ ማጀቱ በር ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ መኝታ ቤቱ አድርጋ ጮኸች። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷታል።

«ጋሽ ገብሬ! ከኢድ በኋላ ያለውን የሸዋልን ስድስት ቀን ልጾም ነው! ሾርባዬ እንዳይቀርብኝ! እትዬ ካልቀመሱት ደግሞ አልቀበልም!»

እኔ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። አየኋት፣ አየችኝ፣ ቲማቲሟን ልትደረድር ሄደች።

ከመኝታ ቤት «ውይ፣ እነዚህ ሰዎች!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የነጠላ ጫማዋ ኮሽታ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ጨመረች!

ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ሔለን አጠገቧ፣ እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ሐኪሙ ካርዱን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ እንደገና አስወጣት። «በጣም ጥሩ ነው። ደምዎም ተስተካክሏል። ምን ነበር የሚመገቡት?» አለ። እጸገነት «ምንም» አለች። እኔ ግን አልቻልኩም። ካሮቱን፣ ዱባውን፣ ምስሩን፣ ቆስጣው መቼ እንደሚገባ፣ ውኃው ለምን እንደማይደፋ አንድ በአንድ ነገርኩት። ተረኞቹ ውጪ እየጠበቁ ነው፤ ይጠብቁ። ሔለን አፏን ያዘች፤ ከዚያ አቀፈችኝ። የቆስጣ ውኃ ያለችውን አላነሳሁባትም። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁባት።

ስንወጣ ሐኪሙ «አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ከስተዋል፤ እጅዎን ይስጡኝ» አለና ግፊቴን ለካ። ከዓመታት ወዲህ እንዲህ ወርዶ አያውቅም። «ጨው አቁመዋል?» አለኝ።

«በጭራሽ። እኔ ጨው ወዳድ ነኝ» አልኩ።

እጸገነት በመስኮቱ በኩል መኪና ማቆሚያውን ታያለች። ምን እንደሚታይ አላውቅም።

ስእለቴ ደርሷል። ከነገ ጀምሮ እንደ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ቂርቆስ ስግደት ዋልኩ። ጉልበቴ አለቀ። እሷ ተቀምጣ ዋለች፣ ግን መጥታለች፤ በእግሯ ነው የመጣችው።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ሔለን ዶሮዋን ይዛ መጣች። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። እጸገነት ቅቤ ስለማይፈቀድላት «ለእኔ ያችን ሾርባ ጣድልኝ» አለችኝ። ዶሮ በተሠራበት ቀን፣ በፋሲካ፣ የኔን ሾርባ! ዲሪባ ይህን መስማት ነበረበት። ነገ ይሰማል።

ዛሬ አፌ የተፈታ ነው፣ ጉንፋንም የለኝም። ድስቱ ሲፈላ አንድ ማንኪያ ራሴ ቀመስኩ። ያው እጣቢ ነው። ምላሷ ዳነ አልዳነ ብዬ ዛሬ ጨው ልጨምር ወሰንኩ። ጣሳውን ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ሥር የለም። የራስጌውን መሳቢያ ሳብኩት፤ እዚያ ነው። አጠገቡ ደግሞ የግፊት ኪኒኔ፣ እኔ ጠፋብኝ ብዬ የተውኩት፤ አለመዋጤን ደርሳበት ኖሯል። ጣሳው ተጋምሷል።

እኔ ጨው የሚባል ቀምሼ አላውቅም። ታዲያ ማን አጋመሰው? «ጨዉ ልክክ ያለ» ስትል የነበረችውን ጀሚላን አሰብኩ። ፐርሰሜሎ አምጣ እየተባልኩ ስወጣ ስገባ የከረምኩትንም አሰብኩ።

ጣሳውን ይዤ ማጀት ተመለስኩ። በርጩማዋ ላይ ናት።

«እጹ፣ ለጀሚላ ጨው፣ ለእኔ እጣቢ?»

«አንተ ግፊት አለብህ፤ ጀሚላ የለባትም።»

«ጾሙን ሙሉ ጨው አልባ አጠጣሽኝ ማለት ነው! ምላስሽ ታሟል ብዬ ስንት ችዬ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ተቆጥታም አይደለም፣ ስቃም አይደለም።

«አንተስ? ቅመሽልኝ እያልክ ጾሙን ሙሉ አላበላኸኝም?»

ለክርክር መልስ ያጣሁበት ቀን ይኸው ተመዝግቧል፤ ሔለን እንዳታየው። ዓይኔን ሽንኩርቱ አቃጠለው። ጣሳውን ከእጄ ወስዳ ቆንጠር አድርጋ፣ በጣም በትንሹ፣ ድስቱ ላይ በተነችና «ለፋሲካ ነው» አለች። ቀዳሁላት። እስከ ታች ጠጣችውና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ድገመኝ» አለች። «ገና አልለየልኝም።»